አባቴ ያጠባት ዲናር

ባለፈው ኅዳር የልጄ ክፍል ሙዚየም ሊጎበኝ ሲነሣ፣ አስተማሪዋ አብሯቸው የሚሄድ ወላጅ ትፈልጋለች ተባለ፤ እኔም ሞኟ ስሜን ሰጠሁ። ሃያ ሦስት ልጅ፣ ሃያ ሦስት እርጥብ ጃኬት፣ አውቶቡሱ ውስጥ የብርቱካን ልጣጭና የጎማ ጫማ ሽታ። ከስካርቦሮ ዳውንታውን እስክንደርስ ሁለቱ አልቅሰዋል፣ አንዱን አስመልሶታል። ሙዚየሙ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ክፍል አለ። እዚያ ከመስታወት ጀርባ አንዲት የሮማውያን የብር ሳንቲም ቆማለች፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። የተቀረጸባት ንጉሥ አፍንጫ፣ የአገጩ ጫፍና የአክሊሉ ቅጠሎች ነጣ ብለዋል፤ ዙሪያቸው ግን ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነው። ልጄ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ በእንግሊዝኛው፣ «ማሚ፣ ቆሽሻለች እኮ፤ ለምን አያጥቧትም?» አለኝ።

ወዲያው ሎሚ ሸተተኝ። በአካባቢው ሎሚ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ምግብ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። ሎሚና የተቃጠለ እንጨት ነበር የሸተተኝ፣ ከሃያ ዓመት በፊት የአፓርታማችን ኮሪደር እንደሸተተው። ልጄን «አስተማሪህን ጠይቃት» ብዬ አለፍኩት። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ቶሮንቶ ውስጥ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር፣ ኤሌቬተሩ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያርፍ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነበር። የእኛ ቤት ቁጥር ስድስት መቶ ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ መቶ ስድስት ውስጥ ደግሞ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ ካናዳዊ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ፖስተኛው ሁለቱን ቁጥሮች እያምታታ የእሳቸውን ደብዳቤ እኛ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠንከር ያለ ኤንቨሎፕ ይዤላቸው ወጣሁ። በሩ ላይ ተቀበሉኝና እዚያው ፊቴ በመቀስ ቀደው አንዲት ሳንቲም አወጡ። «ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ?» አሉኝ፣ መቼም አታውቂም በሚል ድምፅ። እኔ ደግሞ በሰንበት ትምህርት የዲናር ነገር ሲነገረኝ ያደግሁ ነኝ። «ዲናር» አልኳቸው። ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ እሳቸው ጋ መውጣት ልማዴ ሆነ።

ሠላሳ ዓመት ስትሪትካር፣ የከተማውን ባቡር፣ ነድተዋል። ሲያወሩም በየመሀሉ ቆም ይላሉ፣ ተሳፋሪ እንደሚያወርድ ሰው። ቤታቸው የራዲያተር ሙቀትና የአሮጌ ወረቀት ሽታ አለው። ስገባ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ፎጣ ያነጥፋሉ፤ መብራቱን ወደ ታች ጎተት ያደርጉና ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ያወጣሉ። አርባ ምናምን ነበሩ። ሕጋቸው ሁለት ነው። ሳንቲም የሚያዘው በጠርዙ፣ በሁለት ጣት ብቻ ነው። ደግሞም በጨርቅም ቢሆን፣ በእስትንፋስም ቢሆን አይወለወልም። «ጥቁሩ ቆሻሻ አይደለም» ይሉኝ ነበር፤ «ዕድሜዋ ነው። እሱን ካነሣሽው መልሰሽ የምታለብሺያት ነገር የለም።»

ከሁሉም የምወዳት አንዲቷን ነበር። በአንድ በኩል እንደ ሁሉም የንጉሥ ራስ አለባት፤ ወፍራም አንገት፣ ቅጠል የተጎነጎነበት አክሊል፣ ምንም ነገር ያላስደሰተው አፍ። ስትገለብጪያት ግን ሁለት የተጨባበጡ እጆች ናቸው። ክንድ የለ፣ ሰው የለ፤ ሁለት ቀኝ እጆች ብቻ፣ በመካከላቸው ሁለት የስንዴ ዛላ ብቅ ብሏል። በማጉያ መነጽር ስታዪያቸው ጣቶቹ ይቆጠራሉ፤ የአንዱ አውራ ጣት ጥፍር ሳይቀር ይታያል። ያንን ጥፍር የቀረጸው ሰው ከጎኔ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው እንደነገሩኝ እንዲህ ያለችው ሳንቲም የምትመታው ንጉሡ ወታደሮቹን በጠረጠረ ጊዜ ነው፤ ተማምነው ሲኖሩማ ማንም እጅ ለእጅ ተጨባበጥን ብሎ ብር ላይ አያስቀርጽም አሉኝ። ያን ቀን በጣም ሳቅን። ለምን ያን ያህል እንዳሳቀን አሁን አላውቅም።

በየካቲት ለታሪክ ክፍል ፕረዘንቴሽን ነበረብኝ። ስለዚያች ሳንቲም እንደማወራ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና ትንሽ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ከትተው ሰጡኝ። «ይዘሻት ሂጂ፤ ሰዎቹ ይዩዋት። ሰኞ ማታ ትመልሺልኛለሽ» አሉኝ። ደግሞ በሩ ላይ ጠሩኝና «እንዳትወለውያት» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ቀኑ ዓርብ ነበር።

አባቴን ሳላስተዋውቅሽ ብቀጥል አይገባሽም። አባቴ አንጥረኛ ነው። አዲስ አበባ ሳለን ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች ጀርባ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብር ሲያቀልጥና ሲቀጠቅጥ ኖሯል፤ አባቱም አያቱም እንደዚያው ናቸው። አያቴ በተወለደበት አገር ግን አንጥረኛን «ቀጥቃጭ» ነው የሚሉት፤ አብሮት የማይበላ፣ ልጁን የማይድርለት ብዙ ነው። የእናቴ ዘመዶች ሠርጓ ላይ አልተገኙም። ስለዚህ ቶሮንቶ ስንመጣ አባቴ ሙያውን እዚያው ጥሎት መጣ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዎች «አገር ቤት ምን ይሠሩ ነበር?» ሲሉት «ንግድ ላይ ነበርኩ» ይላቸዋል። እናቴ ጎኑ ቆማ አንገቷን ትነቀንቃለች። እዚህ ደግሞ ዳውንታውን የሰው ቢሮ ያጸዳ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ለጠረገው ወለል እጅህ ይባረክ ብሎት አያውቅም።

ያን ዓርብ ማታ እራት ላይ የሽማግሌው ሳንቲም ናት ብዬ አሳየሁት። በጠርዟ አልያዛትም። መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ወደ ታች እያለ መዘናት፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አድርጎ ጆሮውን ሰጣት። «ንጹሕ ብር ናት» አለ። ፊቱ ላይ የማላውቀው ነገር መጣ። «ማን ነው እንዲህ ያጠቆራት?» ሲል ጠየቀኝ። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አባዬ፣ እንዳትነካት፣ ሰውዬው አደራ ብለውኛል ማለት ስንት ቃል ነው? ጓደኛዬ ስልክ ላይ እየጠበቀችኝ ነበርና «የቆየች ስለሆነች ነው» ብዬ ተነሣሁ። ከረጢቷን ከነሳንቲሟ ጠረጴዛው ላይ ተውኳት። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኝም፤ ቸልተኛ ልጅ ነበርኩ።

ቅዳሜ ዶናት ቤት ሺፍት ነበረኝ። አሥር ሰዓት ገደማ ከኤሌቬተሩ ስወጣ ኮሪደሩ ሎሚ ሎሚ፣ ጭስ ጭስ ይላል። በራችንን ስከፍት እናቴ ወገቧን ይዛ ቆማለች። «ማማሰያዬን እኮ አመድ አደረገው» አለችኝ፤ «ሁለቱንም! ያን የድሮውን ነገር እዚህም ሊያመጣብን ነው።» አባቴ ባልኮኒው ላይ በአሮጌ መጥበሻ የእንጨት ማማሰያዎቿን አቃጥሎ፣ አመዱን በሻሽ ቁራጭ ነፍቶ፣ ከሎሚና ከጨው ጋር ለውሶ ጨርሷል። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፤ መዝሙር ያንጎራጉራል። አባቴ ሲያንጎራጉር እኔ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ፊት ለፊቱ ነጭ መሐረብ ተዘርግቷል። መሐረቡ ላይ ሳንቲሟ ነበረች።

ማብረቅረቋን ምን ልበልሽ። ከማሽን የወጣች የትናንት ሳንቲም ነበር የምትመስለው። በአመዱ ፈትጓታል፣ በሽቦ ብሩሽ ሄዶባታል፣ መጨረሻ ላይ በብረት ማንኪያ ጀርባ እየተጫነ አለስልሷታል። ንጉሡ አክሊሉ ጠፍቶ መላጣ ሆኗል። ገለበጥኳት። ጣቶቹ የሉም። ጥፍሩ የለም። ሁለት እጅ ይሁን ሁለት ዓሣ የማይለይ ልሙጥ ነገር ቀርቷል።

«እንዴት ናት?» አለኝ አባቴ። ጠቁሮ የገባ ብር ጠቁሮ ከአንጥረኛ ቤት አይወጣም፤ ሳይጠየቅም ቢሆን ያጥበዋል፤ ወጉ ነው። ዋጋም አይቀበልበትም። «እንዳለች ብመልሳት አባቴ ከመቃብሩ ይነሣብኝ ነበር» አለኝ እየሳቀ። ጣቶቹ ከአመዱ ጠቁረው፣ ከሎሚው ተጨማደዋል። እነዚያን ጣቶች እያየሁ እውነቱን መናገር አቃተኝ። «ቆንጆ ናት» አልኩት።

ሰኞ ክፍል ውስጥ አስተማሪዬ ሳንቲሟን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አያትና «ጥሩ ሬፕሊካ፣ አስመስለው የሠሯት ናት፤ ከየት ነው የገዛሻት?» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ያያል። «ኢንተርኔት ላይ» አልኩ። እንግዲህ ሁለተኛው ውሸቴ መሆኑ ነው።

ማታ ብቻዬን ሄጄ፣ አልቅሼም ቢሆን ለሽማግሌው ልነግራቸው አስቤ ነበር። አባቴ ግን የእሑድ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ጠበቀኝ። ሥራውን ራሱ ማስረከብ አለበት፤ ይሄም ወጉ ነው። በደረጃው ሦስት ፎቅ ወጣን። ሽማግሌው በሩን ከፈቱ። አባቴ በሁለት እጁ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ ከነመሐረቡ ሰጣቸው።

በጠርዟ ያዟት። ወደ ወጥ ቤቱ መብራት ወሰዷት፤ መነጽራቸውን አወጡ፤ አዩ፤ ገለበጡ፤ አዩ። ራዲያተሩ ይንኳኳል። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ በእንግሊዝኛ «ሁለት ሺህ ዓመት አልፎ እኔ ጋ የደረሰውን ነገር ነው የፋቀው። ጣቶቹ የሉም። ነግሬሽ ነበር፤ አይደል?» አሉኝ።

«ምን አሉ?» አለ አባቴ።

አባቴን አየሁት። ኮቱን እስከ ላይ ቆልፎ፣ እጆቹን ፊት ለፊት አጣምሮ፣ ማርኩን እንደሚጠብቅ ተማሪ ቆሟል። «እጅዎ ይባረክ ነው የሚሉት» አልኩት። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ አንቱታውን ከራሴ ጨመርኩበት። «እንዲህ ያለ ባለሙያ አይቼ አላውቅም እያሉ ነው።»

የአባቴ ፊት ፈካ። «በያቸው፣ ዋጋ አልቀበልም። ሌሎች ሳንቲሞች ካሏቸውም ያምጡ፤ ሁሉንም አጥብላቸዋለሁ» አለኝ።

ወደ ሽማግሌው ዞርኩና በእንግሊዝኛ «አባቴ በጣም አዝኗል። ይቅርታ ይጠይቅዎታል» አልኳቸው።

ሽማግሌው ቀና ብለው አባቴን አዩት። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ፊት እንደዚያ አያበራም፤ እሳቸው ደግሞ ሠላሳ ዓመት በመስታወት የተሳፋሪ ፊት ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ አዩ። ገባቸው። ሳንቲሟን ፎጣው ላይ አስቀመጧትና ለአባቴ እጃቸውን ዘረጉለት። አባቴ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ጨበጣቸው፣ ረዘም አድርጎ። እኔ ወለሉን አይ ነበር።

የሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሰው ሻይ ይዞ ቆሞ ሲያወራ፣ አባቴ «እኔ እኮ በሙያዬ አንጥረኛ ነኝ» ሲል ሰማሁት። እናቴ ሲኒዋ ላይ አቀረቀረች። ማንም አልሸሸውም። እንዲያውም አንዲት ሴት በሳምንቱ የእናቷን የብር ድሪ ጠቅልላ አመጣችለት፤ ሌላዋ ጉትቻ አመጣች። ባልኮኒያችን ላይ በየቅዳሜው አመድ ይነፋ ጀመር፤ እናቴም ተስፋ ቆርጣ የራሱን ማማሰያ ከዶላር ሱቅ ገዛችለት። ስለ ካናዳዊው ሽማግሌና ስለ ሮማዊው ብር የሚያወራው ወሬ በየሳምንቱ ትንሽ ይረዝማል። እንግዲህ እውነቱን በየት በኩል ልናገር? ይሄን ሁሉ ያቆምኩት በአንዲት ውሸት ላይ ነበር።

ሽማግሌው ጋ ከዚያ በኋላ አንድ ማክሰኞ ሄጃለሁ። በሩን ከፍተው አስገቡኝ፤ ሻይ አፈሉልኝ። ስለ በረዶው አወራን፤ ሱፐሩ፣ የሕንፃው ኃላፊ፣ ኤሌቬተሩን መቼ እንደሚያሠራው አወራን። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አልተነጠፈም። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ እንዴት በተሻለኝ። ሻዬን ግማሽ ላይ ትቼ ተነሣሁ፤ እሳቸውም ቆዪ አላሉኝም። ሌላ ማክሰኞ አልሄድኩም።

አባቴ ግን ይጠብቃል። «ሰውዬው ሌሎቹን ምነው ዝም አሉ?» ይለኛል ከሥራ ሲገባ። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዟቸው ነው አልኩት። አንድ ጊዜ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደዋል አልኩት። ጨው፣ ሎሚና የተነፋ አመድ በጠርሙስ አድርጎ መደርደሪያው ላይ አዘጋጅቶላቸው ነበር።

አባቴ አሁን ከእኛ ጋር ስካርቦሮ ነው። ሰባ አምስት አልፎታል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ድሪም ጉትቻም መንካት ትቷል። ለልጄ ያንን ታሪክ ሲያወራለት ከወጥ ቤት እሰማዋለሁ፤ ልጄ በእንግሊዝኛ ይመልስለታል፤ ይግባባሉ። ሙዚየም የሄድን ዕለት ማታ ልነግረው አሰብኩ። ሶፋው ላይ ጋቢውን ለብሶ ዜና ሲያይ አገኘሁትና እራቱን አቀረብኩለት። አልነገርኩትም። የምነግረውም አይመስለኝም።

የቀረው በዚያው ዓመት በሚያዝያ የሆነው ነው። ከአባቴ ጋር ገበያ ሄደን፣ ፕላስቲክ ከረጢቶቻችንን ይዘን ኤሌቬተር ውስጥ ገባን። በሩ ሊዘጋ ሲል ሽማግሌው ገቡ። ከየካቲት ወዲህ ሦስታችን አንድ ላይ ስንሆን የመጀመሪያችን ነው። እርጥብ ካፖርታቸው ሱፍ ሱፍ ይሸታል። እኔ የፎቁን ቁጥር አፍጥጬ አያለሁ። አባቴ ከረጢቱን መሬት አስቀምጦ፣ ያጠናውን እንግሊዝኛ ጠራርጎ፣ እኔን አልፎ በቀጥታ እሳቸውን፣ «ሚስተር፣ አዘር ኮይን፤ አይ ክሊን። ኖ መኒ» አላቸው።

ሽማግሌው እኔን አላዩኝም። ቃላቱን እየለያዩ፣ ለአባቴ እንዲገባው ቀስ ብለው፣ ሌሎቹ ሁሉ ንጹሕ ናቸው አሉት። ጥቁሯ ያቺ ብቻ ነበረች፤ እሷንም አንተ አበጀሃት። «ታንክ ዩ» አሉት፣ ሁለት ጊዜ። አርባዎቹንም በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ አንዲትም ነጭ የለችባቸውም።

ስድስተኛው ላይ በሩ ተከፈተ። አባቴ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ተሰናበታቸው። እሳቸውም ጎንበስ አሉ። በሩ ተዘጋና ወደ ላይ ሄዱ።

አባቴ ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ፣ «እንዴት ያለ ደግ ሰው ናቸው» አለኝ። በሩን እየከፈተም፣ «አንቺስ ምነው እሳቸው ጋ መሄዱን ተውሽው? እንዳይቀየሙሽ» አለ።

«ፈተና በዝቶብኝ ነው» አልኩት።

«በይ ስትጨርሺ ሂጂ። ብቻቸውን ናቸው።»

እሺ አልኩት። አልሄድኩም።